ቀጭኗ ጣውላ

የሲጋር ፋብሪካው አለቃ ዶን ኦራሲዮ የእንጨቱን ትሪ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ጓ አድርጎ ሲያስቀምጠው አዳራሹ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። ሬዲዮው ብቻ ማንም የማይሰማውን ዘፈን ማላዘኑን ቀጠለ።

ትሪው ላይ ከመጭመቂያው የወጡ ሲጋሮች ተደርድረዋል። አራት ማዕዘን መሆኑንስ ሆነዋል። ግን ማዕዘናቸው ላይ፣ ክቡ ታጥፎ ጠፍጣፋ በሚሆንበት ቦታ፣ የላይኛው ቅጠል ተተርትሮ ሆድ ዕቃቸው ይታያል። አንድ ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ማንም ነገሬ አይለውም ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የትም ያጋጥማል። ይኼ ግን ትሪ ሙሉ ነው።

"የማን ሥራ ነው?" አለ ዶን ኦራሲዮ። የማን እንደሆነ ያውቃል፤ በየእስሩ ላይ የሠሩት ጥንዶች ቁጥር ተለጥፏል። የጠየቀው አዳራሹ እንዲሰማ ነው።

ቁጥሩ የዶን ኩስቶዲዮና የፔትሮና ነበር። እሳቸው የውስጡን ቅጠል እያጠፉ ይጠቀልላሉ፣ እሷ የላዩን ልባስ ታለብሳለች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከብዙ ባልና ሚስት የበለጠ ኖረዋል። በሲጋር ከተማዋ እስቴሊ ውስጥ ጥንድ ማለት እንደዚህ ነው፤ አንዱ ሲያጠፋ የሁለቱም ሥራ ይበላሻል፣ አንዱ ሥራ ሲያቆም ሌላውም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዶን ኩስቶዲዮ ደግሞ ዝም ብለው የሚታለፉ ሰው አይደሉም። አዲስ ጥቅል ሠሪ ሲቀጠር "ሂድና የሽማግሌውን እጅ እይ" ይባላል። ይህን ሲሰሙ ምንም እንዳልሰሙ ይመስላሉ፤ እጃቸውን ግን ትንሽ ዘግየት ያደርጉታል፣ ሰውየው በደንብ እንዲያይ።

ትሪውን ሲያዩ መጀመሪያ የተሰማቸው ፍርሃት ነበር። ወዲያው ግን አፋቸው ፍርሃታቸውን ቀደመው።

"እነዚህ ደርቀው ነው የተጨመቁት" አሉ፣ አንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ እያዞሩ። "እርጥብ ቅጠል ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ማካሪዮ ቢኖር እንዲህ አይሆንም ነበር። ሥራውን ለልጅ ሰጥታችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ እንዴ?"

"ያዲራን ጥሯት" አለ ዶን ኦራሲዮ።

ያዲራ የማካሪዮ ልጅ ናት። መጭመቂያው ላይ የሚሠራው ማካሪዮ ነው፤ በዚያ ሳምንት እናቱን ሊቀብር ኮንዴጋ ስለሄደ ከእሱ ሥራውን የምትማረው እሷ ተክታው ነበር። ሴት ልጅ ከወለደች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ሸሚዟ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል፤ ያን ለመሸፈን ክንዷን አጣምራ መጣች። ዶን ኩስቶዲዮን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። የክርስትና አባቷ ናቸው። ከሳምንት በኋላ በሚውለው እሑድ ደግሞ የልጇንም ክርስትና የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ክፉ ነገር አልጠበቀችም።

"እርጥብ ጨርቅ አልብሻቸው ነበር" አለች ትሪውን እያየች። "አባቴ እንዳሳየኝ ነው ያደረግኩት። ሣጥኑ ውስጥ ደረደርኳቸው፣ በየረድፉ መሐል ጣውላ አስገባሁ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ። ሲያርፉ በጎናቸው ገልብጬ እንደገና አጠበቅኩ። የሌሎቹ ጥንዶች ሁሉ ደህና ወጥቷል።"

"የሌሎቹን በጠዋት ነው የሠራሽው" አሉ ዶን ኩስቶዲዮ። "የኛ ጋ ስትደርሺ ጡት ልትሰጪ ሄድሽ።"

"ሄጄ ነበር፤ ግን ሸፍኛቸው..."

"የኔ ልጅ፣ መጭመቂያና ጡት አብረው አይሆኑም። ወይ አንዱን ጭመቂ ወይ ሌላውን።"

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ረጅም አልነበረም፤ ለያዲራ ግን ይበቃል። ፊቷ ደም መሰለ። የክርስትና አባቷን አንድ ጊዜ አየቻቸው፣ ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች።

"አባትሽ እስኪመጣ ቤትሽ ሁኚ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን" አላት ዶን ኦራሲዮ። "እናያለን" የሚለው ቃል እሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ሰው የለም።

ፔትሮና ያን ሁሉ ጊዜ ቃል አልተነፈሰችም። ቅጠል የምትቆርጥበት ቢላዋ እጇ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ "ዶን ኩስቶዲዮ" አለች በቀስታ።

"ምን?" አሏት።

"ምንም።"

እውነቱን ለመናገር፣ ዶን ኩስቶዲዮ ሲጋሮቹ ለምን እንደተሰነጠቁ አሳምረው ያውቁ ነበር። ለመጭመቂያ የሚሄድ ጥቅል ክብ ሆኖ ከሚቀረው ላላ ማለት አለበት። ክብ የነበረው ነገር አራት ማዕዘን እንዲሆን ሲጫኑት የውስጡ ቅጠል መሄጃ ይፈልጋል፤ መሄጃ ካጣ የላዩን ልባስ ቀዶ ይወጣል። ይህችን "ላላ" የሚለካት ማሽን የለም። የሚለካት አውራ ጣት ነው። የዶን ኩስቶዲዮ አውራ ጣት ደግሞ መለካት ትቷል።

መጀመሪያ የደነዘዘው የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ነበር፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት። ዝናቡ ሲጀምር አካባቢ፣ አንድ ጠዋት ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ሲያገላብጡ የሚቃጠል ሥጋ ሸተታቸው። ምንድን ነው ብለው ምድጃውን ሲያዩ የሚቃጠለው የራሳቸው ጣት ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀልሉት በዓይናቸውና በልምድ ነው። የማይሰማው እጅ ደግሞ የያዘው የሚያመልጠው ስለሚመስለው ያጠብቃል። ይህን ለሐኪም አልተናገሩም፣ ለፔትሮናም አልተናገሩም።

ሆኖም እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሥራቸው ከመጭመቂያው ደህና ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ራሳቸውንም ይገርማቸው ነበር፤ እያደር ግን መገረሙን ተዉት። "ጣቴ ቢሞትም እጄ ያውቃል" ብለው ደመደሙ። ራሳቸውን ለማሞኘት ጎበዝ ነበሩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ነበረች፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ፣ ናካታማል፣ ይዛለች፣ ገና ትኩስ።

"ያዲራ ናት የላከችው" አለች። "እንደ ሁልጊዜው።"

እንደ ሁልጊዜው። ያዲራ የራሷን ምድጃ ከጀመረች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለክርስትና አባቷ ናካታማል ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ልዩነቱ፣ ሌላ ጊዜ ራሷ ታመጣውና ቁጭ ብላ ሲበሉ ታያቸው ነበር። ዶን ኩስቶዲዮ የታሰረበትን ክር ፈቱት። የአሳማ ሥጋውና የበቆሎው ሽታ ሲመጣባቸው መልሰው አሰሩት። ደግሞ ፈቱት። ድንጋይ ብትልክላቸው ይሻል ነበር፤ ድንጋይ ቢሆን ምን እንደሚያደርጉት ያውቁበታል። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ወጥተው ለጎረቤት ውሻ ጣሉለት። ውሻው ቅጠሉን ሳይቀር ሲልስ ቆመው እያዩ በዚያም አፈሩ።

ምክንያት በልባቸው ይደረድሩ ነበር። "ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ ትቀጠራለች። እኔ ብናገር ፔትሮና ምን ልትሆን ነው? ባሏ የአልጋ ቁራኛ ነው። ያለ ጥንድ ማን ያስቀምጣታል?" ምክንያቱ ውሸት አልነበረም። ግን ዓርብ ዕለት አፋቸውን ያስከፈተው የፔትሮና ነገር እንዳልነበረ ልባቸው ያውቃል። ያስከፈታቸው "ሂድና የሽማግሌውን እጅ እይ" የሚለው ነው። ያ እንዳይቀርባቸው ብለው ነው በክንዳቸው ይዘው ክርስትና ያነሷትን ልጅ ለሳቅ የሰጧት።

ሰኞ ጠዋት ማካሪዮ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

"አበልጄ፣ እግዜር ያጽናህ" አሉት ዶን ኩስቶዲዮ ቀድመው።

"አሜን" አለና አለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጠረጴዛቸው ድረስ መጥቶ "አበልጄ፣ አንዴ ወደኔ ብቅ ይበሉ" አላቸው።

የመጭመቂያው ክፍል ጨለም ያለና እርጥበት የበዛበት ነው፤ የእንጨቱ ሣጥኖች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ማካሪዮ ከአንዱ ሣጥን ውስጥ የመለያያ ጣውላ አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከጨርቅ ኋላ፣ ሌላ ጣውላ አወጣ።

"ይቺንስ ያውቋታል?"

"ጣውላ ናት።"

"ቀጭን ናት። ራሴ ነኝ የላግኳት። ለእርስዎና ለፔትሮና ሥራ ብቻ የማስገባት እሷን ነው። ረድፉ ትንሽ ቦታ ያገኛል፣ በአንዴ አይጨነቅም። የሌላው ሰው ሥራ አንዴ ተገልብጦ ሲያልቅ የእርስዎን ደጋግሜ ነው የምገለብጠው። ትንሽ አጠብቀዋለሁ፣ አሳርፈዋለሁ፣ ደግሞ ትንሽ። በጣም የጠነከረውን ከመግባቱ በፊት በመዳፌ አሸት አሸት አደርገዋለሁ።"

ዶን ኩስቶዲዮ ሁለቱን ጣውላዎች በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። የትኛው ወፍራም የትኛው ቀጭን እንደሆነ በእጃቸው መለየት አልቻሉም፤ በዓይናቸው ነው ያዩት። እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ ሞከሩ።

"ታዲያ ሥራዎን የምሠራልዎ እኔ ነኝ ልትለኝ ነው የጠራኸኝ?"

"አይደለም" አለ ማካሪዮ። "ሠርቼልዎም ከሆነ ደስ ብሎኝ ነው።" ከዚያ ጀርባውን ወደ ሣጥኖቹ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከቀብር የመጣ ሰው ድካም ፊቱ ላይ ነበር። "ለያዲራ ግን አልነገርኳትም። እናቴ ሞተች ብለውኝ አውቶቡሱ ላይ ልወጣ ስል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። 'የክርስትና አባትሽን ሥራ ስትጨምቂ ቀጭኗን አስገቢ' ልላት። 'ለምን?' ትለኛለች። ለምን ስትለኝ ምን ልላት ነው? ልጅ ሆና በዓለም ላይ ከእርስዎ ሌላ ሲጋር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። ለጥቂት ቀን ምን ይሆናል ብዬ ዋጥኩት። ልጅቷ እንደ ደንቡ ጨመቀችው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አበልጄ።"

ዶን ኩስቶዲዮ ለስድብ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ለስድቡ የሚሆን መልስም ነበራቸው። ለዚህ ግን አልተዘጋጁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው የአፍ ወግ ይመስላቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን የምር ወለሉን አዩት።

"ምን ብዬ እንዳሳቅኩባት ነገረችህ?"

"እሷ አልነገረችኝም። ሌሎች ናቸው የነገሩኝ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"እኔ ምን ልበልዎ።" ማካሪዮ ቀጭኗን ጣውላ ከእጃቸው ወሰዳትና ወደ ቦታዋ መለሳት። "ይቺን እንደ ድሮው አስገባለሁ። ልጄን መመለስ ግን እኔ አልችልም።"

ወደ ጠረጴዛቸው ሲመለሱ ፔትሮና ምሳዋን ጨርሳ ቅጠል እየዘረጋች ነበር። ቁጭ አሉና ጠየቋት።

"ፔትሮና፣ ጥቅሌ ይጠነክራል?"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ዶን ኩስቶዲዮ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነካው የኔ እጅ አይደለም እንዴ?"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዓርብ ልነግርዎ ነበር። 'ምን?' ሲሉኝ ድምፅዎ አስፈራኝ።" የዘረጋችውን ቅጠል በመዳፏ ደለደለች። "እሱም ማሳበቢያ ነው። ባሌን አሰብኩ። እርስዎ ከቀሩ እኔ የት ልገባ ነው ብዬ፣ ልጅቷ ስትባረር ቅጠል ቅጠሉን አየሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ባሌን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።"

"ብናገር ያለ ጥንድ ትቀሪያለሽ።"

"እቀር ይሆናል።" ቢላዋዋን አንስታ እጀታውን ወደ እሳቸው አዞረችና ሰጠቻቸው። "ይሂዱ፣ ያንኳኩ።"

አዳራሹን ማናገር የፈለገ ሰው ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል፤ የአዳራሹ ልማድ ነው። ዶን ኩስቶዲዮ ተነስተው አንኳኩ። በሁለተኛው ላይ ቢላዋው ከማይሰማው እጃቸው አመለጠና ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ። አላነሱትም።

"ዓርብ ስለተሰነጠቁት ሲጋሮች ነው" አሉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አላቸው። "ያዲራ ምንም አላጠፋችም። እንደ ደንቡ ነው የጨመቀችው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ አጥብቄ እየጠቀለልኩ ነው። ይህን አውቄ ነው እሷ ላይ ያላከኩት። ያ ቀልድም... ያን ቀልድ መናገር አልነበረብኝም።"

ማንም ቀና አላለም። ይጮሁብኛል ብለው ነበር፤ ወይም ቢያንስ እንደዚያን ቀን ይስቃሉ ብለው። እጆች ሁሉ ቅጠል መዘርጋታቸውን፣ መቁረጣቸውን፣ መጠቅለላቸውን ቀጠሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ዶን ኦራሲዮ ብቻ ነው የተናገረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዝናቡ ሲገባ..." ማለት ሲጀምሩ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት "ኧረ ከፋሲካ በፊት ነው!" አለች። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች።

ዶን ኩስቶዲዮ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ የጎረቤቷን አንገት አዩ፣ ከዚያ የቀጣዩን። አንድም የገረመው ሰው አልነበረም። አንገታቸውን የደፉት እሳቸውን ላለማሳፈር ነው። ጣታቸው ሳይቃጠል በፊት፣ እሳቸው ራሳቸው ሳያውቁት በፊት፣ አዳራሹ አውቆት ነበር። ለካ ያን ሁሉ ወር "የሽማግሌውን እጅ እይ" እያሉ አዲስ ሰው መላካቸውን ያላቋረጡት እሳቸው እንዳይነቁ ብለው ነው። ዓርብ ዕለት ያዲራን ሲወነጅሉም የሚሰማቸው ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ነበር። ቁጭ አሉ።

ያዲራ በማግስቱ ወደ መጭመቂያው ተመለሰች። ፔትሮና ሌላ ጥንድ ተሰጣት፤ ከእሳቸው ቀስ ያለ ግን ጣቱ የሚሰማው ሰው። ዶን ኩስቶዲዮን ዶን ኦራሲዮ ወደ ኋላ ክፍል ወሰዳቸው፣ አሮጊቶቹ የቅጠሉን አከርካሪ ወደሚመዙበት። አሮጊቶቹ ወዲያው ቦታ ለቀቁላቸው። "ኑ አጎቴ፣ እዚህ የምንጨምቀው ወሬ ብቻ ነው" አለች አንዷ፤ እሳቸውም ለመሳቅ ሞክረው አልሆነላቸውም።

ቅዳሜ ናካታማሉ ከመምጣቱ በፊት እሳቸው ወደ ያዲራ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ሌላ የክርስትና አባት ፈልጊ" አሉ።

"መጀመሪያ ይግቡ።"

"አልገባም። ያቺን ሕፃን የማቅፍበት ፊት የለኝም።"

"ፊትዎን ማን ጠየቀዎት? እጅዎን ነው የምፈልገው።"

"እጄማ የባሰ ነው።"

ያዲራ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። "በሰው ፊት አሳቁብኝ፣ እሺ። አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ፊት ልጄን ጥለው ሊሄዱ ነው? ሁለተኛውን ማን ይቅር ይልዎታል? ማፈሩን እዚያው መጥተው ቆመው ይጨርሱት።" ከዚያ "ያለፈውን ናካታማል በልተውታል?" አለቻቸው።

ዶን ኩስቶዲዮ ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። "ለውሻ ሰጠሁት።"

"እሱን እንኳ ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር" አለች።

እሑድ ዕለት ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ያዲራ በሩ ላይ ልጇን በክንዳቸው ላይ አስቀመጠች። ሕፃኗ ነጭ ልብሷ ውስጥ ትወራጫለች፤ ዶን ኩስቶዲዮ ደግሞ ግራ እጃቸውን በወገቧ፣ ቀኝ እጃቸውን በራሷ ሥር አድርገው ዓይናቸውን ከጣቶቻቸው ላይ እምብዛም አላነሱም። አያያዛቸው ላልቶ ይሁን ጠብቆ አያውቁም። ቢላላ ትወድቃለች፣ ቢጠብቅ ይጎዷታል። ማካሪዮ አጠገባቸው ቆሟል፤ ፔትሮና ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት፤ ከኋላዋ ግማሹ አዳራሽ። ሁሉም የእሳቸውን እጅ የሚያይ መሰላቸው።

ቄሱ "ቀረብ አድርጓት" አሉ። ቀረብ አደረጓት። ውሃው ሲፈስ ሕፃኗ ጮኸች፣ ራሷንም ወደ ኋላ ጣለች። ዶን ኩስቶዲዮ ደንግጠው ወደ ቀኝ እጃቸው አዩ። ከእጃቸው ሥር፣ ነጩ ልብስ ሸፍኖት የቆየ ሌላ እጅ ነበር። የያዲራ እጅ ከታች ሆኖ የእሳቸውን እጅ ከሕፃኗ ራስ ጋር አብሮ ደግፎ ይዟል። መቼ እንደገባ አልተሰማቸውም። አሁንም፣ እያዩት፣ አይሰማቸውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ከበሩ ጀምሮ ይዣታለሁ" አለች ያዲራ፣ ፊቷን ከቄሱ ሳታዞር። "አባቴ ስለ ቀጭኗ ጣውላ በጊዜው ለእኔም ለእርስዎም አልነገረንም። እኔ ግን እየነገርኩዎት ነው።"

ዶን ኩስቶዲዮ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ሁሉም አየው፤ ሁለቱም እጃቸው ተይዞ ስለነበር ሊጠርጉት አልቻሉም።